«አለሁ» ብሎ ድምፅ መስጠት ምን ማለት ነው?

ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2004 የኢሊኖይ ግዛት ሴናተር ነበሩ። በ2008ቱ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዘመቻ ተፎካካሪያቸው ሂላሪ ክሊንተን በዚያ ዘመን የድምፅ መዝገባቸው ወጥረው ያዟቸው፦ ኦባማ ወደ 130 ጊዜ ያህል «አዎ»ም «አይ»ም ሳይሉ «አለሁ» ብቻ ብለዋል።

ብዙ ሰው ይህን ከመቅረት ጋር ያምታታዋል። አይገናኙም። የቀረ ሰው ድምፅ አልሰጠም። «አለሁ» ያለው ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቢጫውን ቁልፍ ተጭኗል። አረንጓዴው ድጋፍ፣ ቀዩ ተቃውሞ ነው።

ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ ያለው ነው። የኢሊኖይ ሴኔት 59 መቀመጫ አለው። ሕግ የሚጸድቀው በዕለቱ ከተገኙት ሳይሆን ከጠቅላላው አባላት አብላጫ ሲያገኝ ነው፤ ማለትም በ30 ድጋፍ። 29 ሰው ቢደግፍና ሌሎቹ በሙሉ ቢጫውን ቢጫኑ፣ አንድም ተቃዋሚ ሳይኖር ሕጉ ወደቀ! በውጤቱ ቢጫው ከቀዩ አይለይም።

ታዲያ ለምን ቀዩን አይጫኑም? አንዳንዴ ሐሳቡን ወደውት አጻጻፉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብለው ስለሚሰጉ ነው። አንዳንዴ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ በምርጫ ሰሞን «ይህን ተቃወመ» ከሚል ማስታወቂያ ለማምለጥ ነው። መዝገቡ ብቻውን የትኛው እንደሆነ አይነግርም። በዕለቱ በምክር ቤቱ የተናገሩትን ማየት ያስፈልጋል።