«ላዋሪስ»፦ ዘመድ ያለው ሬሳ እንዴት ጠያቂ አልባ ይባላል?

በህንዷ ፑንጃብ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (በአውሮፓውያኑ) የራሳቸውን አገር በፈለጉ የሲክ ታጣቂዎችና በመንግሥት መካከል ስለነበረው ግጭት የሚያነብ ሰው «ላዋሪስ» የምትል ቃል ታጋጥመዋለች። ለኛ ጆሮ ብዙም እንግዳ አይደለችም። «ዋሪስ» ከዓረብኛ የመጣች ስትሆን ከኛው «ወራሽ» ጋር ሥሯ አንድ ነው። «ላ» አፍራሽ ናት። ወራሽ የሌለው፣ ጠያቂ የሌለው ማለት ነው።

ደንቡ ሲታይ ቀላል ነው። ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ሲገኝ በመንግሥት ወጪ ይቃጠላል። ሲኮች (በፑንጃብ የሚበዙት የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) በባህላቸውም ሬሳ ያቃጥላሉ፤ ስለዚህ ችግሩ እሳቱ አይደለም። ችግሩ ከ«ላዋሪሶቹ» ብዙዎቹ እናት፣ ሚስት፣ ልጅ የነበራቸው መሆኑ ነው።

የሲክ ገበሬው በታጣቂዎቹና በፖሊስ መሀል ነበር። ማታ ታጣቂዎች በር ያንኳኳሉ፤ እራት አምጣ፣ አሳድረን። እምቢ ማለት ያስገድላል። ጠዋት ደግሞ ፖሊስ ይመጣል፤ ለምን አበላህ? ተይዞ የሄደው ልጅ «በኢንካውንተር»፣ ማለትም በተኩስ ልውውጥ፣ ሞተ ይባላል። ብዙ ጊዜ ሬሳውም ለቤተሰቡ አይሰጥም። «ላዋሪስ» የምትለው ቃል የምትገባው እዚህ ጋ ነው።

ነገሩን ያጋለጠው ጃስዋንት ሲንግ ካልራ የባንክ ሠራተኛ ነበር። የማቃጠያ ቦታዎችን መዝገብና የማገዶ ወጪ አገላበጠ። ማገዶ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይገዛም። በመስከረም 1995 እሱንም ፖሊሶች ከቤቱ ወሰዱት፤ በ2005 ስድስት ፖሊሶች በጠለፋውና በግድያው ጉዳይ ጥፋተኛ ተባሉ።

የህንድ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በአምሪትሳር ወረዳ ብቻ የ2,097 አስከሬኖችን ጉዳይ አይቷል። መርማሪዎቹ ከነዚህ የ585ቱን ማንነት ሙሉ በሙሉ ለይተዋል።