የነፍሰ ጡር የሆድ ድርቀት፦ በየቤቱ የሚባለውና እውነታው

ለነፍሰ ጡር ምክር የሚነፍግ የለም። ሲያቅለሸልሻት ዝንጅብል ይታዘዝላታል፤ ወገቧን ሲያማት የሚያሻት አይጠፋም። አራት ቀን ሙሉ ሆዷ ሲደርቅ ግን አፍራ ዝም ትላለች። ብትናገርም ለአንዲት ጎረቤት በሹክሹክታ ነው፤ ከዚያም «ጠረግ የሚያደርግ» ነገር ተቀብላ ትመለሳለች። እኔን የሚያስፈራኝ ድርቀቱ ሳይሆን ይኸው መጥረጊያ ነው።

«ኮሶ ወይም የጉሎ ዘይት አንዴ ብትወስድ ይለቃታል»

መልቀቁንስ ይለቃታል። ኮሶ ትል ለማስወጣት የሚጠጣ ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ጤነኛውን ሰው እንኳ ሲያዝለው ይውላል። ለነፍሰ ጡርና ለፅንሷ ደግሞ አደገኛ ነው። የጉሎ ዘይትም አንጀትን ብቻ ሳይሆን ማህፀንንም ያነሳሳል፤ ምጥ እንዲመጣ እየተባለ ይጠጣ የነበረው ለዚህ ነው። በስድስተኛ ወሯ ምጥ የምትሻ ሴት የለችም። ከገበያ የሚገዛው የሰናመኪ ቅጠል መጠኑ አይታወቅም፤ ሐኪም በልክ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚያዝዘው የሰና ኪኒን ከዚህ ይለያል። መድኃኒት የግድ ካስፈለገ እንደ ላክቱሎስ ያለ ሽሮፕ በእርግዝና ጊዜ ይታዘዛል። ወደ ደም እምብዛም አይገባም፤ አንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ዓይነ ምድሩን ያለሰልሳል። ውጤቱ ግን አንድ ሁለት ቀን ያስጠብቃል።

«በየቀኑ ካልተጸዳዳች ድርቀት ይዟታል»

አይደለም። ድርቀት የሚባለው በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች ሲሆን ወይም ዓይነ ምድሩ ጠጥሮ ሲያስቸግር ነው። በሁለት ቀን አንዴ ሳትቸገር የምትጸዳዳ ሴት ደህና ናት።

«ስታምጥ ፅንሱ ይወርድባታል»

ይህ ፍርሃት ከቋንቋችን የመጣ ይመስለኛል፤ መጸዳጃ ቤትም ማማጥ፣ ወሊድም ማማጥ ነውና። ፅንሱ ያለው ግን በሌላ ክፍል፣ ከተዘጋ የማህፀን በር ጀርባ ነው። በጤናማ እርግዝና ለመጸዳዳት ማማጥ አያስወርድም። የሚያመጣው ኪንታሮት ነው፤ ስለዚህ አለመታገሉ ይሻላል። ከቁርስ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ስለሚነቃቃ ያኔ ሳይቸኩሉ መቀመጥ ይጠቅማል። መቀመጫው ዘመናዊ ከሆነ እግርን ትንሽ በርጩማ ላይ ማሳረፍ መንገዱን ያቀናል።

«ያደረቃት አይረኑ (የብረት ማዕድን ኪኒኑ) ነው፤ ትተወው»

ግማሹ እውነት ነው። በእርግዝና ወቅት የሚበዛው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ማህፀን ፅንሱን ረግቶ እንዲይዝ ጡንቻውን ያላላል፤ በዚያው አንጀትንም ያላላዋል። ምግቡ ሲዘገይ ውሃው ይመጠጥና ይደርቃል። አይረን በዚህ ላይ ይጨምራል፤ ዓይነ ምድሩንም ያጠቁረዋል፣ እሱ ብቻውን አያስደነግጥም። ነገር ግን በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም የሚታዘዘው አይረን የሚከላከለው የደም ማነስን ነው፤ በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈስሳት እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በራስ ፈቃድ ከማቆም ይልቅ ለክትትል ስትሄድ መናገር ይበጃል፤ ዓይነቱ ወይም አወሳሰዱ ሊቀየር ይችላል። ሻይና ቡና ግን ከኪኒኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ፤ አይረኑ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ።

«ጎመንና ሙዝ የፅንሱ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋሉ»

በአንዳንድ አካባቢዎች እናቶቻችን ይህን ብለው ይከለክላሉ፤ «ልጁ ገዝፎ ወሊድ ያስቸግራል» የሚሉም አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ በአስቸጋሪ ወሊድ ሴት ሲሞት ያዩ ናቸው። ሆኖም እናት የምትበላው ጨጓራና አንጀቷ ውስጥ ተፈጭቶ ያልቃል እንጂ ማህፀን ደርሶ የሚለጠፍ ቅጠል የለም። የሚያሳዝነው፣ የሚከለከሉት ምግቦች ድርቀትን የሚያቃልሉት መሆናቸው ነው። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር (የእህልና የአትክልት ቃጫ) ያስፈልጋታል፤ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ድፍን ምስር ብቻውን 15 ግራም ያህል ይሰጣል። ጎመን፣ ባቄላ፣ ፓፓያ (የበሰለው)፣ ከነልጣጩ የሚበላ ፍራፍሬ ሲጨመር ይሞላል።

አመጋገብ ካልበቃ የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች የሚመክረው የስንዴ ፉርሽካን ነው። አዎን፣ ለከብት የምንሰጠውን! ዱቄቱን በወንፊት ነፍተን፣ ነጩን ለራሳችን አስቀርተን፣ የሚረዳንን ለላም እንሰጣለን። ከመኖ ቤት ይገዛ ማለቴ አይደለም፤ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ዳቦ መጋገር ይበቃል።

«ውሃ ካበዛች እግሯ ያብጣል»

ውሃ መቀነስ እብጠቱን አያስቀርም። አሰር በልቶ ውሃ አለመጠጣት ደግሞ ሆድን ይበልጥ ያስራል፤ በቀን ከ8 እስከ 12 ብርጭቆ መጠጣት አለባት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳትቀምስ የምትጾም ነፍሰ ጡር ድርቀቱ ቢበረታባት አይገርምም። በክርስትናም በእስልምናም ለነፍሰ ጡር ጾም የሚቀልበት አግባብ ስላለ የሃይማኖት አባቷን ታማክር።

ሆዷን ብርቱ ቁርጠት ከያዛት፣ ካስመለሳትና ፈስ እንኳ አልወጣ ካላት፣ ከዓይነ ምድሯ ጋር ደም ካየች፣ ወይም ሕመሙ እንደ ምጥ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅም።