ሴንሰርና ኮንትሮለር በውስጡ የያዘ ሞተርና ጅማ
ጅማ ውስጥ ሞተር ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የቡና መፈልፈያውና የወፍጮ ቤቱ ነው፤ በሶስት ፌዝ የሚሠራ፣ ሲቃጠል መዳቡ ወጥቶ እንደገና የሚጠቀለል፣ የሚጠቀልለው ሰው እስካለ ድረስ የማይሞት። ሴንሰርና ኮንትሮለር፣ ማለትም የሚዞረው ክፍል የት እንደደረሰ የሚያውቅ መሣሪያና ኤሌክትሪኩን የሚያዝ ቦርድ፣ በውስጡ የያዘው ሞተር ግን መዳቡን በመጠቅለል ብቻ አይድንም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሲበዛ፣ ጉዳዩ የጋራዥ ሰው ሁሉ ጉዳይ ሆኗል።

በድሮው የዲሲ (እንደ ባትሪ ባለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ) ሞተር ኤሌክትሪኩን ከአንዱ የመዳብ ጥቅል ወደ ሌላው የሚያዘዋውረው ካርቦን ነው፤ እየተፋቀ ያልቃል። በአዲሱ ጥቅሉ ባለበት ቆሞ ማግኔቱ ይዞራል፤ ማቀያየሩ የትራንዚስተሮች (የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ሥራ ነው። ማግኔቱ የት እንደደረሰ የሚነግራቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማግኔት ሲቀርበው ምልክት የሚሰጠው የሆል ሴንሰር ነው፤ ስሙ የመጣው ሴንሰሩ የሚሠራበትን ክስተት በ1879 እ.ኤ.አ. ካገኘው አሜሪካዊ፣ ከኤድዊን ሆል ነው። ኮምፒውተር የሚያቀዘቅዘው ትንሽ ፋን እንኳ ሴንሰሩንና መቆጣጠሪያውን በአንድ ቦርድ ይዟል።

ጎማ ውስጥ በሚገባ ሞተር ብዙ ጊዜ ሦስት ወፍራምና አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። ወፍራሞቹ የጥቅሉ ናቸው። ከቀጫጭኖቹ ቀዩና ጥቁሩ 5 ቮልት ይሰጣሉ፤ ቀሪዎቹ ሦስቱ የሴንሰሮቹን ምልክት ያወጣሉ። ጎማውን በእጅ ቀስ እያሉ ሲያዞሩ ቴስተሩ በእያንዳንዱ የምልክት ሽቦ ላይ አንዴ ዜሮ፣ አንዴ ወደ 5 ቮልት ማሳየት አለበት። ሴንሰሮቹ በኤሌክትሪክ ዑደቱ አቆጣጠር 120 ዲግሪ ተራርቀው በተተከሉበት ሞተር፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ዜሮ ወይም በአንድ ጊዜ 5 ካሳዩ አንዱ ሴንሰር ሞቷል ወይም ሽቦ ተበጥሷል። ሞተር ከመፍታት በፊት ይህን መለካት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ኮንትሮለሩም ሞተሩ ውስጥ ሲገባ ሽቦው ያጥራል፣ መሰኪያው ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪክ ረብሻውም ይቀላል። ጉዳቱ ግን ሙቀት ነው። ጥሩ የጥቅል ኢንሱሌሽን (የሽቦው መከለያ ልባስ) 155 ዲግሪ ሲችል፣ ቦርዱ ላይ ያለው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ግን ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ሞተር በተለምዶ የሚመዘነው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ የአየር ሙቀት ታስቦ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ የሳሳው አየር ሙቀቱን በደንብ አይወስድም። ደግነቱ የጅማ አየር 40 ዲግሪ የሚደርስ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ጉዳት በከፊል ያካክሳል።

በእኔ ግምት ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሰጋው ዝናቡ ነው። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ ውሃ ሽቦው በዘንጉ ቀዳዳ በሚገባበት በኩል ሰርጎ የሴንሰሩን እግር ያዝጋል። ቦርዱን በሙጫ መድፈን ይህን ይከላከላል፤ ነገር ግን የተደፈነ ቦርድ አንዴ ከተበላሸ የሚጠግነው የለም፣ ይቀየራል።

ሴንሰር ጨርሶ የሌለው ሞተርም አለ፤ ኮንትሮለሩ የማግኔቱን ቦታ የሚገምተው ማግኔቱ ሲዞር በጥቅሉ ውስጥ ከሚፈጠረው ቮልቴጅ ነው። ለፋንና ለውሃ ፓምፕ ይበቃል። የቆመ ሞተር ግን ቮልቴጅ አያመነጭም፤ ስለዚህ ሰው የሞላ ባጃጅ ወደ ጅሬን አቀበት ላይ ቆሞ እንደገና ልነሳ ሲል፣ ይህ ዓይነቱ ሞተር ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነሳም።