በታዳጊዎች የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የማደንዘዣ ምርጫና የነርቭ ክትትል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ በጉርምስና ዕድሜ የሚከሰተው የአከርካሪ መጣመም፣ ማለትም ስኮሊዮሲስ፣ ሲባባስ በብሎንና በብረት ዘንግ እንዲቃና ይደረጋል። ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ልጁ እግሩን ማዘዝ እንዳያቅተው ቤተሰብ ይሰጋል። ጉዳቱ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ቢሆንም በጊዜ ሊደረስበት ስለሚገባ፣ የነርቮቹ ሥራ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ በኤሌክትሪክ ምልክት ክትትል ይደረግበታል።

«ልጁ ከተኛ የማደንዘዣው ዓይነት ለውጥ የለውም።»

ለውጡ ትልቅ ነው። የእንቅስቃሴ ነርቮችን ለመፈተሽ በራስ ቅል ቆዳ ላይ በተተከሉ መርፌዎች በኩል አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይሰጥና ምላሹ ከእጅና ከእግር ጡንቻዎች ይመዘገባል። እንደ ሴቮፍሉሬንና አይሶፍሉሬን ያሉት በትንፋሽ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች፣ እንዲሁም ናይትረስ ኦክሳይድ፣ መልእክቱ ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን መንገድ ስለሚያዳክሙ፣ መጠናቸው በጨመረ ቁጥር ምላሹ እየቀነሰ ሊጠፋ ይችላል። በዚህም የተነሳ ብዙ ባለሙያዎች እንቅልፍ የሚያስይዘውን ፕሮፖፎልንና ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የሆነውን ረሚፈንታኒልን በደም ሥር መስጠትን ይመርጣሉ።

«በደም ሥር የሚሰጠው ማደንዘዣ ምልክቱን ጨርሶ አይነካም።»

ፕሮፖፎልም ሲበዛ ምላሹን ይጫናል። ቀዶ ሕክምናው በረዘመ ቁጥርም ምልክቱ ቀስ በቀስ ሊደበዝዝ ስለሚችል፣ አንዳንዶች ኬታሚን የተባለ ሌላ ማደንዘዣ በጥቂቱ በመጨመር የፕሮፖፎሉን መጠን ይቀንሳሉ። በእኔ እምነት ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ የመጠኑ አለመዋዠቅ ይበልጣል፤ አጥንቱ በሚቃናበት ሰዓት ድንገት መጠን መጨመር የምልክቱን ለውጥ ትርጉም ያሳጣዋል።

«ጡንቻ የሚያዝለው መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይሰጣል።»

ጡንቻው ከዛለ የሚመዘገብ ምላሽ አይኖርም። ስለዚህ መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ የመተንፈሻ ቱቦው በሚገባበት ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ይቆማል። በየምቱ መንጋጋው ስለሚገጥም፣ ምላስ እንዳይነከስ የተጠቀለለ ጎዝ በሁለቱም በኩል በመንጋጋ ጥርሶች መካከል ይደረጋል።

«የስሜት ነርቮችን መከታተል ብቻውን ይበቃል።»

የስሜት፣ ማለትም የመዳሰስ፣ መልእክት የሚጓዘው በህብለ ሰረሰሩ የኋላ ክፍል ስለሆነ፣ በፊት ለፊቱ ክፍል የሚደርስ ጉዳት ሊያመልጥ ይችላል። ሁለቱ ክትትሎች አብረው ይሠራሉ።

«ምልክቱ ከጠፋ ልጁ ሽባ ሆኗል።»

ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ምላሹ ከእጅም ከእግርም አንድ ላይ ከቀነሰ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የማደንዘዣው መብዛት፣ የደም ግፊት መውረድ ወይም የሰውነት መቀዝቀዝ ናቸው። የእጁ ምላሽ እንደነበረ ሆኖ የእግሩ ብቻ ከጠፋ ግን ህብለ ሰረሰሩ ራሱ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል። የሰመመን ሐኪሙ የደም ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ማነሱንም ያያል፤ ቀዶ ሐኪሙ በበኩሉ ብሎኖቹን ይመረምራል፣ ማቃናቱንም ያላላል። በጊዜ ከተደረሰበት ምላሹ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ጥርጣሬው ካልተፈታ እ.ኤ.አ. በ1973 በፈረንሳይ ሐኪሞች የተገለጸው የማንቃት ፈተና አለ፤ ማደንዘዣው ይቀነስና ልጁ እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ይጠየቃል። ረሚፈንታኒል ከቆመ በደቂቃዎች ውስጥ ኃይሉ ስለሚያልቅ ለዚህ ይመቻል። የሰመመን ሐኪሙ ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል ለልጁ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊነግረው ይገባል።