እስክንድርያ ምን ዓይነት ከተማ ነበረች?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካሉት 14 ቅዳሴያት ሦስቱ በአትናቴዎስ፣ በቄርሎስና በዲዮስቆሮስ ስም ይጠራሉ። ሦስቱም የአንድ ከተማ ሊቃነ ጳጳሳት ነበሩ፤ የእስክንድርያ። ስሟን በስንክሳሩም በገድሉም ስንሰማ ነው ያደግነው። እስክንድርያ ምንድን ናት ሲባል ግን አንዱ መንበረ ማርቆስ ይላል፣ ሌላው የተቃጠለው ቤተ መጻሕፍት ይላል፣ ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት መታወቅ ያለበት ወደቡ ነው ባይ ነኝ። መጻሕፍቱም ሊቃውንቱም ስብከቱም ወደዚያች ከተማ የገቡትና ከዚያች ከተማ የወጡት ስንዴው በገባበትና በወጣበት በር ነው።

ታላቁ እስክንድር ግብፅን ከፋርሶች ከወሰደ በኋላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት ቆረቆራት (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ራቆቲስ የሚባል የግብፃውያን መንደር ነበረበት። ስለ ምሥረታዋ እንዲህ ይተረካል። የመንገዶቹን መስመር መሬት ላይ የሚያሰምሩበት ነጭ አፈር አለቀባቸውና በገብስ ዱቄት አሰመሩ፤ ወዲያው አእዋፍ ከሐይቁ መጥተው ዱቄቱን ለቃቅመው ጨረሱት። እስክንድር መጥፎ ምልክት መስሎት ደነገጠ። ሟርተኞቹ ግን አይዞህ፣ ይህች ከተማ ለብዙ ሕዝብ ምግብ ትሆናለች ማለት ነው አሉት። ታሪኩ እውነት ሆነም አልሆነም፣ ነገሩ ግን እንደተባለው ደርሷል።

እስክንድር ራሱ ከተማዋ ስትሠራ አላየም። በ323 ባቢሎን ውስጥ ሞተ። ከጦር አለቆቹ አንዱ የነበረው በጥሊሞስ አስከሬኑን ወደ ግብፅ ወሰደው፣ ኋላም እስክንድርያ ውስጥ መቃብር ተሠራለት፤ መቃብሩ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ግብፅ ለበጥሊሞስና ለልጆቹ ቀረች። ዝነኛዋ ክሊዮፓትራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ዓመት እስክትሞት ድረስም ወደ 300 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ከዚህችው ከተማ ሆነው ገዙ።

ካርታ ላይ ቦታውን ልብ ብላችሁ እዩት። ዓባይ ሜዲትራንያን ባሕር ሲደርስ እየተከፋፈለ በብዙ አፍ ነው የሚገባው። እስክንድርያ ያለችው ከሁሉም አፎች በስተ ምዕራብ ነው። የባሕሩ ሞገድ ደግሞ ዳርቻውን ይዞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ስለዚህ ዓባይ ከእኛ ደጋ ጠርጎ የሚያመጣው ደለል ወደ ምሥራቅ ይገፋል እንጂ ወደቧን አይሞላም። ከፊቷ ባሕሩ ላይ ፋሮስ የምትባል ደሴት አለች፣ ማዕበሉን ትመልስላታለች። ከኋላዋ ማርዮጢስ የሚባል ሐይቅ አለ፣ ሐይቁ በቦይ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ከተማዋ በሁለት ውኃ መካከል እንደ ቀጭን መቀነት ተዘረጋች። በጥሊሞሶች ደሴቷን ከየብስ ጋር የሚያገናኝ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ግድብ መሳይ መንገድ ሠሩ፤ ያ መንገድ ባሕሩን ከሁለት ከፈለውና ምሥራቅና ምዕራብ ሁለት ወደብ ሆነ። ስትራቦን የሚባለው የግሪክ ጂኦግራፊ ጸሐፊ በሮማውያን ዘመን መጀመሪያ ላይ እዚያ ኖሯል፤ የሐይቁ ወደብ ከባሕሩ ወደብ የበለጠ ሀብታም ነው ብሎ ጽፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የግብፅ እህልም፣ ከቀይ ባሕር በበረሃ አቋርጦ ዓባይ ላይ የሚጫነው የዝሆን ጥርስና ቅመማ ቅመምም የሚመጣው በዚያ በኩል ነበር።

ዳርቻው ሜዳ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ መርከበኛ የሚለየው ተራራ የለም፣ የወደቡ መግቢያም ድንጋይ የበዛበት ነበር። የፋሮስ መብራት የተሠራው ለዚህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ዓመት ገደማ ያለቀ ሲሆን ከፍታው 100 ሜትር ገደማ እንደነበር ይገመታል፤ ታችኛው ክፍል አራት ማዕዘን፣ መካከለኛው ስምንት ማዕዘን፣ ላይኛው ክብ፣ ጫፉ ላይ እሳት። ከሰባቱ የጥንት ዓለም ድንቆች አንዱ ሆኖ ከ1,500 ዓመት በላይ ቆመ። የጣለው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ኢብን ባጡታ በ1326 ሲያየው አንዱ ጎኑ ፈርሶ ነበር፣ በ1349 ሲመለስ መግባት እንኳን አይቻልም ነበር።

ወደ ስንዴው እንምጣ። ሮማውያን ግብፅን ከያዙ በኋላ የሮም ከተማ ሕዝብ እንጀራ በእስክንድርያ መርከቦች ላይ ተንጠለጠለ። አውግስጦስ ቄሣር አገሪቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃት፤ የሮም ሴናተር ያለ እሱ ፈቃድ ግብፅን እንዳይረግጥ ከለከለ። ወደቡን የያዘ የሮምን ሆድ ይይዛላ! የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ካነበባችሁ ከእነዚህ መርከቦች አንዱን ታውቁታላችሁ። ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም የሄደበት መርከብ የእስክንድርያ ነበር፣ 276 ሰው ተሳፍሮበታል፣ ማዕበሉ ሲበረታባቸው ስንዴውን ወደ ባሕር እየጣሉ አቃለሉት። ከማልታ የወሰዳቸውም ሌላ የእስክንድርያ መርከብ ነው።

የመጻሕፍቱም ነገር ከወደቡ ይጀምራል። ጋሌን የሚባለው ሐኪም እንደጻፈው መርከብ ሲደርስ የንጉሡ ሰዎች ይወጡና ያገኙትን መጽሐፍ ሁሉ ይወስዳሉ፣ ይገለብጡታል፣ ለባለቤቱ የሚመልሱት ግልባጩን ነው፤ ዋናው «ከመርከብ» ተብሎ ተጽፎበት ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ከአቴና ሰዎች ደግሞ የታላላቆቹን የቴአትር ደራሲዎች ዋና ቅጂ ለመገልበጥ ብለው ተበደሩ፣ 15 ታለንት (መክሊት) ብር አስያዙ፣ ከዚያ ብሩ ይቅርብን ብለው ዋናውን አስቀሩት። እኔ ይህን ሳነብ ሁሌም እደነቃለሁ፤ መጽሐፍን እንደ ዝሆን ጥርስ ነበር የሚሰበስቡት። ደግሞ ዝም ብለው አልከመሩትም። ሊቃውንቱን ቀለብና ደመወዝ እየሰጡ ሙሴዮን በሚባለው ተቋም አስቀመጧቸው። ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊዎች አንዱ ኤራቶስቴንስ በሰኔ፣ ፀሐይ ከዓመቱ ሁሉ ከፍ በምትልበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ አስዋን ውስጥ የጉድጓድ ውኃ ላይ ቀጥ ብላ እንደምታርፍ ሰማ። በዚያው ሰዓት እስክንድርያ ላይ ጥላ አለ። የጥላውን ማዕዘን ለካ፣ የክብ 50ኛ ሆኖ አገኘው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በ50 አባዛና የምድርን ዙሪያ አሰላ፤ ውጤቱም ከእውነቱ ብዙ አልራቀም።

የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም የሚባለው የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉምም የተጀመረው እዚሁ ነው፣ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት። ከተማዋ ውስጥ ብዙ አይሁዳውያን ይኖሩ ነበር፤ ልጆቻቸው የሚናገሩት ግሪክ ስለነበር ኦሪቱን በሚገባቸው ቋንቋ ማንበብ ፈለጉ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚስማሙት የግእዙ ብሉይ ኪዳን በዋናነት የተተረጎመው ከዚህ ግሪክ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱን አንድ ቀን እሳት በላው የሚለውን ወሬ ግን እንተወው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ145 ዓመት ገደማ ስምንተኛው በጥሊሞስ ሊቃውንቱን አባረረ። በ48 ዩልዮስ ቄሣር ወደቡ ላይ ያሉ መርከቦችን ሲያቃጥል እሳቱ ወደ መጻሕፍቱም ደረሰ ይባላል። ከዚያም ሮማውያን በጀቱን ቸል አሉት፣ ጦርነቱም ተደጋገመ። ኸሊፋ ዑመር አስቃጠለው የሚለው ታሪክ የተጻፈው ከዘመኑ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ አላምነውም። ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚሞተው ጠባቂ ሲያጣ ነው።

ጠባይዋ እንዴት ነበር ካላችሁ፣ ሀብታም፣ ተከራካሪ፣ ቁጡ። ግሪክ፣ ግብፃዊና አይሁዳዊ በየሠፈሩ ይኖር ነበር፤ አብሮ ይነግዳል፣ ሲከፋ ደግሞ ይገዳደላል። በ38 ዓ.ም. በአይሁዳውያን ላይ ከባድ እልቂት ደረሰ። በ215 ንጉሠ ነገሥቱ ካራካላ ሕዝቡ ስላላገጠበት ወታደሮቹን ለቀቀባቸው። በ415 ሂፓቲያ የተባለችውን የሒሳብና የፍልስፍና መምህር የተቆጣ የክርስቲያን ሕዝብ መንገድ ላይ ይዞ በጭካኔ ገደላት። ይህን መደበቅ አይገባም፤ የአንድ ሃይማኖት ልጆች መሆናችን እውነቱን አይለውጠውም። የነገረ መለኮቱ ክርክርም በጓዳ የቀረ አልነበረም። አርዮስ የእስክንድርያ ቄስ ነበር፣ ትምህርቱን መርከበኛ በሚያዜመው ዜማ አድርጎ ያሰራጨው እንደነበር ተጽፏል። ተቃዋሚው አትናቴዎስ በአራት ነገሥታት ዘመን አምስት ጊዜ ተሰዷል።

የእኛ ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበር፤ በልጅነቱ ቀይ ባሕር ዳርቻ መርከባቸው ሲጠቃ ተርፎ አክሱም ቤተ መንግሥት አደገ። ኋላ እስክንድርያ ሄዶ ለዚያ አገር ጳጳስ ላኩ አለ፤ አትናቴዎስ ከአንተ የተሻለ ማን አለ ብሎ እሱኑ ሾሞ መለሰው። እሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። በ356 ገደማ ደግሞ ወደ አርዮሳውያን ያዘነበለው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱት፣ አዲሱ ጳጳስ ይመርምረው የሚል። ደብዳቤው ዛሬም አለ፣ አትናቴዎስ ራሱ ነው በጽሑፉ ውስጥ ያስቀረልን። አክሱም ግን ከአትናቴዎስ ወገን ነው የጸናችው።

ነጋዴዎቹም ይመጡ ነበር። ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ በ520ዎቹ ገደማ አዱሊስ ደረሰ። አፄ ካሌብ ወደ ሂምያር (ወደ ዛሬዋ የመን) ለመዝመት ሲዘጋጁ ነበርና የአዱሊሱ ገዥ በንጉሡ ትእዛዝ እዚያ የቆመውን የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጥልን አለው። የገለበጠው የግሪክ ጽሑፍ የሦስተኛው በጥሊሞስ ነበር፤ ከእኛ አካባቢ ለጦርነት ዝሆን እንዳስያዘ የሚያወራ። ድንጋዩ ጠፍቷል፣ ቃሉን የምናውቀው ኮስማስ ስለገለበጠው ብቻ ነው። አክሱም ላይ አራት ግንብ ያለው ቤተ መንግሥት እንዳየም ጽፏል።

የዘመን አቆጣጠራችንም ከዚያው ነው። 12 ወር በየ30 ቀን፣ ከዚያ ጳጉሜን፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን መጨመር፤ አውግስጦስ እስክንድርያ ላይ ያጸናው ቀመር ነው፣ ቅብጦችም እኛም አዲስ ዓመትን በአንድ ቀን የምናከብረው ለዚህ ነው። ከአውሮፓውያን 7 ወይም 8 ዓመት የምንለየው በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንያኖስ የሚባል የእስክንድርያ መነኩሴ ባሰላው ስሌት ነው። ባሕረ ሐሳብን ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን የምታያይዘው ከእስክንድርያው ድሜጥሮስ ጋር ነው።

ከአባ ሰላማ በኋላ ለ1,600 ዓመት ገደማ ጳጳስ የሚመጣልን ከዚያው መንበር ነበር። አንዱ ሲሞት ሌላው እስኪላክ ዓመታት የሚፈጅበት፣ ድቁናና ቅስና የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። ፍትሐ ነገሥቱም ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው ጳጳስ አይሹሙ ይላል፤ ይህ ቀኖና በኒቅያ ጉባኤ ስም ይጠቀስ እንጂ የኒቅያ እንዳልሆነ ተመራማሪዎች ያውቃሉ። አቡነ ባስልዮስ በ1951 ሊቀ ጳጳስ፣ በ1959 ፓትርያርክ ሆኑ። ያኔ መንበሩ ራሱ እስክንድርያ ከለቀቀ ቆይቷል፤ ፓትርያርኮቹ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ካይሮ ተዛውረዋል፣ የማዕረግ ስማቸው ግን ዛሬም የእስክንድርያ ነው።

ከተማዋን ያወረዳት በ642 የዓረቦች መግባት ብቻ አይደለም፤ አዲሶቹ ገዥዎች ዋና ከተማቸውን ዓባይ ላይ፣ ፉስጣጥ አደረጉት። ቦዩ በደለል ሲዘጋ ንግዱም ተቀዛቀዘ። ናፖሊዮን በ1798 ሲደርስ የጠበቀው ትንሽ ከተማ ነበር። ሙሐመድ ዓሊ በ1820 ማሕሙዲያ የሚባለውን ቦይ አስቆፍሮ ከዓባይ ጋር መልሶ ሲያገናኛት ነፍስ ዘራች። ጥጥ መጣ፣ ግሪኩ፣ ጣልያኑ፣ አርመኑ፣ ሶርያው ተከተለ። ከ1956 የስዌዝ ጦርነት በኋላ አብዛኞቹ ለቀው ሄዱ። ዛሬ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል፣ አሁንም የግብፅ ትልቅ ወደብ ናት፤ በ2002 የተከፈተ ትልቅ አዲስ ቤተ መጻሕፍትም አላት።

የጥንቱን ለማየት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል፤ አዲሱ ከተማ የተሠራው በአሮጌው ላይ ስለሆነ አብዛኛው ከአስፋልት ሥር ወይም ከባሕር ሥር ነው ያለው። የፋሮስ መብራት በነበረበት ቦታ ላይ በ1477 መሠራት የጀመረው የቃይትባይ ምሽግ አለ፤ ከአጠገቡ ውኃው ውስጥ ጠላቂዎች ከ1994 ጀምሮ ትላልቅ የድንጋይ ብሎኮችና ሐውልቶች አግኝተዋል። እኔ ግን ሰው ሲጠይቀኝ ኮም ኤል ዲካን እዩ እላለሁ። የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች ባቡር ጣቢያው አጠገብ 20 ያህል የመማሪያ አዳራሾች አወጡ። እያንዳንዱ ውስጥ በግድግዳው ዙሪያ ደረጃ በደረጃ የድንጋይ መቀመጫ ተደርድሯል፣ ጫፉ ላይ ከፍ ያለ የመምህሩ ወንበር አለ፣ መካከል ደግሞ ተማሪው ወጥቶ የሚናገርባት ትንሽ ድንጋይ። አዳራሾቹ ከአምስተኛው መጨረሻ እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ያገለገሉ ናቸው። ሂፓቲያ ከተገደለች፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጠፋ ከተባለም ብዙ ዘመን በኋላ፣ በዚያች ከተማ ውስጥ ገና ይማሩ ነበር።