ሃርድ ዲስኩ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍቱት ጥቁሩ ስክሪን ላይ ዲስክ አልተገኘም የሚል መልእክት ይመጣል። አጥፍታችሁ ስታበሩት ዊንዶውስ ምንም እንዳልተፈጠረ ይገባል። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ያው። ዴስክቶፕ ይዘውልኝ ከሚመጡት ብዙዎቹ ይህን ለሳምንታት ችለው የቆዩ ናቸው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሊተርፍ ይችል የነበረ የልጆች ፎቶ፣ ያለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

«ሲከፈት እስከሠራ ድረስ ምን ችግር አለው?»

ከሚባለው ሁሉ ጎጂው ይህ ነው። ዲስኩ በታየበት ሰዓት መጀመሪያ የሚሠራው ምርመራ ሳይሆን ኮፒ ማድረግ ነው። ሌላ ቦታ የሌላችሁን አስቀድሙ፦ ፎቶ፣ ሰነድ፣ የሥራ ፋይል። ፊልሙና ጌሙ መጨረሻ ላይ ይድረስ። ኮፒው ሳያልቅም ኮምፒውተሩን አታጥፉት።

«ጠፋ ማለት ዲስኩ ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ።»

አንዴ እየታየ አንዴ በሚጠፋ ዲስክ ላይ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ገመዱን ነው። ሳታ በሚባለው የመሰኪያ ዓይነት የሚገናኝ ዲስክ ላይ ሁለት ገመድ ይሰካል፦ 7 እግር ያለው ጠባቡ ዳታ ያመላልሳል፣ 15 እግር ያለው ሰፊው ኃይል ይሰጣል። ሁለቱም የሚያዙት በቀጭን ፕላስቲክ ስለሆነ ላላ ማለት ልማዳቸው ነው። አንድ አባት ያመጡት ዴስክቶፕ ክዳኑ ተከፍቶ ሲሠራ ይውላል፤ ክዳኑ ሲገጠም ዲስኩ ይጠፋል። ክዳኑ የኃይሉን ገመድ መሰኪያ ወደ ጎን እየገፋው ነበር። ገመዱን በሌላ በኩል አዞርኩት፤ ዲስኩ ያው የድሮው ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ሁለቱንም ገመድ አውጥታችሁ መልሱ፤ የዳታውን በሌላ ቀይሩና ማዘርቦርዱ ላይ ሌላ መሰኪያ ሞክሩ። ግን አንድ በአንድ፤ ሁሉን አንዴ ከቀየራችሁት ጥፋተኛው የትኛው እንደነበር አታውቁም። ክሪስታልዲስክኢንፎን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ስማርት መዝገብ፣ ማለትም ዲስኩ ስለራሱ ጤንነት የሚይዘውን ቆጠራ፣ ያሳያል። እዚያ 199ኛው ቁጥር፣ «ሲ7» ተብሎም የሚጻፈው፣ ዳታ በገመዱ ላይ ሲሄድ የተበላሸበትን ጊዜ ይቆጥራል። ቆጠራው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ገመድ ከቀየራችሁ በኋላ መጨመሩን ካቆመ መልሱን አግኝታችኋል። የሚጨምሩት የተበላሹና የተጠረጠሩ የዲስኩን ቦታዎች የሚቆጥሩት 5ኛውና 197ኛው ከሆኑ ግን ሕመሙ ዲስኩ ውስጥ ነው፤ ያኔ አዲስ ግዙ።

«ሪስታርት ሲደረግ ይታያል፤ ስለዚህ የዊንዶውስ ችግር ነው፤ ፎርማት ይደረግ።»

ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ዲስኩን የሚፈልገው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ነው። ባዮስ ካላየው ዊንዶውስ እዚህ ነገር ውስጥ የለበትም። ፎርማት ፋይላችሁን ያጠፋል፣ ብልሽቱን እንዳለ ይተዋል።

ሪስታርት ላይ የሚታይበት ምክንያት ሌላ ነው። ሪስታርት ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ ኃይል አይቋረጥም፤ ዲስኩ ውስጥ ያሉት፣ ዳታው የሚጻፍባቸው ሳህኖች መሽከርከራቸውን አላቆሙም። ከተዘጋ ሲነሳ ግን ከዜሮ ተነስተው በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ዙር መድረስ አለባቸው፤ ባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ በዚያች ቅጽበት ከ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፒር ገደማ ሊስብ ይችላል። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ወይም ለብዙ ዕቃ የተከፋፈለ ገመድ ይህን አይችልም፤ ዲስኩ ይዘገያል፣ ባዮስ ጠብቆ ያልፈዋል። ለማጣራት ኮምፒውተሩን አብርታችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ኃይል ሳታቋርጡ ሪስታርት አድርጉ። ሁልጊዜ እንዲህ ሲደረግ ብቻ ከታየ ወይ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል ወይ የዲስኩ ሞተር።

«የባዮስ ባትሪው ነው።»

ሰዓቱና ቀኑም አብረው ወደ ኋላ የሚመለሱ ከሆነ ባለ 3 ቮልቷን ሲአር2032 ባትሪ ቀይሩ፤ እሷ ስትሞት ባዮስ ውስጥ ያለው የዲስኩ አሠራር ምርጫም ሊቀየር ይችላል። ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ባትሪዋን ተዉአት።

«ቸክዲስክ ያስተካክለዋል።»

ቸክዲስክ የሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የሚጠግነው የፋይል አያያዙን ነው፤ የላላ ገመድም ሆነ የደከመ ሞተር አይጠግንም። እየሞተ ያለን ዲስክ ደግሞ ለሰዓታት ያደክመዋል። ፋይላችሁ ሌላ ቦታ ሳይቀመጥ አታስጀምሩት።

«ፍሪዘር ውስጥ ቢያድር ይነሳል።»

እባካችሁ አታድርጉት። ከቅዝቃዜ የወጣ ዲስክ ላይ ከአየሩ እርጥበት ይጠራቀማል፤ የሚያነበው ጭንቅላት ደግሞ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ነው። መታ መታ ማድረግም፣ ቤት ውስጥ ክዳኑን መክፈትም እንዲሁ። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አጥፉትና ደግማችሁ አታብሩት፤ ውስጡ ያለው የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ዳታ ወደሚያወጣ ባለሙያ ውሰዱት፣ ድምፁ መቼ እንደጀመረና ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳበራችሁትም ሳትደብቁ ንገሩት።