ጉዛራ፦ ሁሉም ሳይቆም የሚያልፈው ግንብ

ጉዛራ እንፍራንዝ ከተማ አጠገብ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለ ኮረብታ ላይ የቆመ ጥንታዊ ግንብ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ አዲስ ዘመንን ካለፉ በኋላ ይገኛል። በብዛት የሚታወቀው የዐፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ተብሎ ነው፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ነግሠዋል። ዛሬ ባዶ ነው። መንገደኛው ወደ ፋሲል ግቢ ስለሚቸኩል እዚህ የሚወርደው ጥቂት ሰው ነው። ያሳዝናል፤ ጎንደርን በደንብ ለማየት መጀመር ያለበት ከዚህ ነበር።

ቦታው በዋዛ አልተመረጠም። ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ከፊት ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ጣና ይታያል። በዚያ ዘመን የንጉሡ ከተማ በአብዛኛው ድንኳን ነበር። በጋውን ይዘመታል፤ ክረምት ሲገባ እህልና ከብት በማይቸግርበት አገር ይከረማል። የጣና ዙሪያ ለዚህ ተስማሚ ነው። ክረምቱ በየዓመቱ እዚያው አካባቢ ሲሆን ከድንኳን ይልቅ ድንጋይ ማሰቡ አይገርምም።

ሕንፃው ባለ አንድ ፎቅና አራት ማዕዘን ነው። ከማዕዘኑ ክብ ማማ ይነሣል፤ አናቱ እንደ እንቁላል የሾለ ጉልላት ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው። ከሩቅ ሲታይ ምሽግ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከምሽግነቱ ይልቅ የንጉሥ መኖሪያነቱ ያመዝናል። በጎንደር የዐፄ ፋሲልን ግንብ ያየ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ይለያል፦ ያው አራት ማዕዘን፣ ያው ክብ ማማ፣ ያው ጉልላት። የፋሲል ግዙፍ ነው፣ ጌጡም ይበዛል። ጉዛራ ግን ጭምት ነው፤ የእጅ ሥራው ሳይሸፈን ይታያል።

ግንቡ መቼ ተሠራ የሚለው ክርክር ያለው ኖራው ላይ ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ሚስዮናውያን ጽሑፎች ደግሞ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገሩ የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1620 ግድም፣ ከሕንድ በመጣ ሰው አማካይነት እንደሆነ ይተርካሉ። ይህን የሚያምኑ ተመራማሪዎች የጉዛራን ዕድሜ ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ያወርዱታል። ሌሎቹ ሚስዮናውያኑ ለራሳቸው ወገን አድልተው ጽፈዋል ብለው በሠርፀ ድንግል ይጸናሉ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ፤ አንድ ሰው ኖራ አገኘ ማለት ከዚያ በፊት ማንም አያውቀውም ነበር ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ በኖራ የተሠራ አሮጌ ነገር ሁሉ «የፖርቱጋል ሥራ» መባሉ ልማድ ሆኗል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ እንኳ በሱስንዮስ ዘመን ተሠርቶ እስከ ዛሬ የፖርቱጋል ድልድይ ይባላል። የውጭ ግንበኞች እጅ አልነበረበትም አይባልም። ግን ያሠራው ንጉሥና ድንጋይ የተሸከመው ገበሬ ስም አብሮ ይጠፋል።

ጉዛራን ያስረሳው የጎንደር መነሣት ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ቤተ መንግሥቱ እዚያው ረጋ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ስሙ የበለጠ ገነነ። ጉዛራ በኋላ ጥገና ተደርጎለታል።

ለመጎብኘት ከእንፍራንዝ መውረድና ኮረብታውን በእግር መውጣት ነው። ስለ መንገዱ ደኅንነት ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጣና በኩል ስለምትመጣ ሐይቁን ማየት ያስቸግራል።